ደሴ ላይ የማታ የጽሕፈት ኮርስ ለምትፈልጉ

የኮሌጁን ስም አልጠራም፣ ወቀሳም ስላለኝ። ገንዘቡ ያዋጣል ወይ ለምትሉኝ ያዋጣል፤ እሱም በመምህሩ ነው።

መምህሩ የታሪክ ሰው ናቸው። የነገሥታቱን አይደለም፣ የሠራተኛውን። የድሬዳዋ ምድር ባቡር፣ የወንጂ ሸንኮራ ቆራጭ፣ ከወሎ ደጋ ወርዶ አፋር ተንዳሆ ላይ የእንግሊዙን ኩባንያ የሚቸል ኮትስን ጥጥ ሲለቅም የኖረው ወገናችን። «ደብዳቤ መጻፍ ልንማር መጥተን ከጥጥ ለቀማ ምን አገናኘን» ያለ አልጠፋም።

አገናኘን እኮ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ የመጀመሪያ ድርሰቷን «በሥራ ቦታችን የተለያዩ ችግሮች ይስተዋላሉ» ብላ ጀመረች። ሁላችንም እንዲህ ነው የምንጽፈው፣ ቢሮውም ሬዲዮውም ያስለመደን ይሄንኑ ነው። መምህሩ አንብበው «እሺ እህቴ፣ ስንት ሰዓት ትገቢያለሽ? ቆመሽ ነው ቁጭ ብለሽ? ምሳሽንስ የት ትበያለሽ?» እያሉ ጠየቋት። እሷ ስትመልስ እሳቸው ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ። ሲያበቁ «ይኸው ድርሰትሽ» አሏት። በሌሊት ፈረቃ የጥጥ ብናኝ ዐይን ውስጥ እየገባ፣ አፍንጫን በነጠላ ሸፍኖ የተበጠሰ ክር መቀጠል ምን እንደሚመስል ያወቅሁት ከዚያ ሰሌዳ ነው፤ ኮምቦልቻ እዚሁ ታች ሆና ማለት ነው።

አቤቱታ ሲያስተምሩም እንደዚያው ናቸው። በ«ክቡርነትዎ» ግማሽ ገጽ አትጨርሱ ይላሉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቀረውን ብር ጻፉ። ለምሳሌ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በሕዝብ በዓል ቀን ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛውን የሰዓት ክፍያ 2.5 እጥፍ ያዛል፤ ይህን ጠቅሶ ሒሳቡን ቁልጭ አድርጎ ማስቀመጥ «ክፍያው አነስተኛ ነው» ብሎ ከማልቀስ ይሻላል። የደመወዝ ወረቀታችንን አምጥተን መስመር በመስመር እንድናብራራም አዘውን ነበር። አሪፍ የቤት ሥራ ነው፣ ግማሾቻችን የሚቆረጥብንን እንኳ አናውቅም።

እንከኑን ልንገራችሁ። ጨዋታ ይወዳሉ። የ1966ቱን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ፣ የካቲት 28 ተጀምሮ አራት ቀን የቆየውን፣ አንዴ ከያዙት ክፍለ ጊዜው አለቀ ማለት ነው። ይጣፍጣል፣ አልክድም፤ ግን ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ የት እንደሚገቡ እኔ ዛሬም በግምት ነው። እርማትም ያዘገያሉ።

ኮሌጁ ግን ያናድዳል። መብራት ከሄደ ጀነሬተር የለም፣ በስልክ ባትሪ ነው የምንማረው። ሰርተፍኬት ስትጠይቅ «ነገ ና»። ክፍያ ላይ ነገ የሚባል ነገር የለም።

ከኮምቦልቻ የምትመጡ ክፍሉ መሽቶ ስለሚለቅ የመመለሻውን ሚኒባስ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የመምህሩን ስም የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ስትመዘገቡም የሚያስተምሩት እሳቸው መሆናቸውን አረጋግጡ፣ ሌላ ሰው ከሆነ ብራችሁን ያዙ።