ጣና ዳር ጂን ለምታዝዙ

ለፋሲካ ከውጭ ባሕር ዳር ለምንገባ ሰዎች የጣና ዳር ሆቴሎች መስተንግዶ አያሳፍርም። ዓሣው ትኩስ ነው፣ አልጋው ንጹሕ ነው፣ አስተናጋጆቹም ቀልጣፎች ናቸው። ቅር የሚያሰኘው ባሩ ነው። በሚያዝያ ሙቀት ቶም ኮሊንስ (ጂን በሎሚ፣ በስኳርና ጋዝ ባለው ውሃ) ሲታዘዝ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ለብ ያለ፣ ሥሩ ላይ ስኳር የዘቀጠበት የሎሚ ጭማቂ ነው።

ጥፋቱ የጂኑ አይደለም። ሎሚና ስኳር በገቡበት መጠጥ የአገር ውስጡ ደረቅ ጂን ይበቃል፤ ለውጭው ብር አትጨምሩ።

ችግሩ የሚጀምረው ከስኳሩ ነው። ደረቅ ስኳር በቀዝቃዛ ነገር ውስጥ ቶሎ አይሟሟም፣ ጂን ውስጥማ ይብስበታል። እኩል ስኳርና ሙቅ ውሃ አሟሙቶ ማቀዝቀዝ ነው መፍትሔው። የጎጃም ማር ካለ ደግሞ ሁለት እጁን በአንድ እጅ ሙቅ ውሃ ማቅጠን፤ እኔ ብመርጥ ይሄኛውን ነው፣ ምንም እንኳ ያኔ ስሙ ቶም ኮሊንስ ባይሆንም።

ልኩ 60 ሚሊ ሊትር ጂን፣ 25 የሎሚ ጭማቂ፣ 20 የስኳር ውሃ (ማር ከሆነ 15)፣ 90 አምቦ ነው። የፈረንጆቹ አሠራር ሎሚውን 30 የሚለው በትልቁ ቢጫ ሎሚ ስለሆነ ነው፤ የእኛዋ ትንሿ አረንጓዴ ይበልጥ ትኮመጥጣለች። ከ25 ግን አታውርዱት፣ የአምቦ ማዕድን ራሱ ኩምጣጤውን ያለዝበዋል። ልጣጩ እስኪደቅ የተጨመቀ ሎሚ ይመራል።

ጂኑ፣ ሎሚውና ስኳሩ ከበረዶ ጋር አሥር ሰከንድ ያህል በደንብ ይናጣሉ፤ ከዚያ አዲስ በረዶ እስከ አፉ በሞላ ረጅም ብርጭቆ ይጠለላሉ። አምቦው መጨረሻ ላይ፣ በብርጭቆው ጎን በቀስታ ይፈስሳል፤ አንዴ ብቻ ይማሰላል። አብሮ ከተናጠ ጋዙ ያልቃል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቱ አነስተኛ ነው፣ ጋዙ ቶሎ ያመልጣል፤ አምቦው ያልቀዘቀዘ ከሆነማ ተስፋ የለውም። ጣዕም የተጨመረበትን አምቦ አትቀበሉ።

ሁለት ፍሬ በረዶ ጣል አድርጎ ማምጣት ቁጠባ ይመስላል፤ ግን ቶሎ ቀልጦ መጠጡን ያቀጥነዋል። «ወንድሜ፣ በረዶውን ሙላልኝ፣ አምቦውን መጨረሻ ላይ አድርግልኝ» ስትሉት ቅር የሚለው ባርማን የለም።

ደብረ ማርቆስ ላይ ይሄን አትዘዙ፣ ብርዱ ራሱ ይበቃል።

በረዶው ከታሸገ ውሃ መሠራቱንም ጠይቁ። ካልሆነ ጂኑንም አምቦውንም ብርጭቆውንም ፍሪጅ ውስጥ አስገብተው ያለ በረዶ ይሥሩላችሁ፣ አምቦውንም 120 ያድርጉት፤ ከበረዶው የሚቀልጠውን ውሃ የሚተካው እሱ ነው።