በሰሜን ቨርጂኒያ ላገለገሉን የቀብር አስፈጻሚ ምስጋና፣ ለወገኖቻችንም ጥቆማ

እናታችን በሰሜን ቨርጂኒያ ካረፉ ወዲህ፣ በሐዘናችን አብረውን ለቆሙት ካህናት፣ ለዕድራችን አባላት፣ እህል ውኃ ይዘው ለመጡትና ከሥራ ቀርተው ላስተዛዘኑን ሁሉ ምስጋናችንን በቃልም በቤተ ክርስቲያንም አድርሰናል። አንዱ ምስጋና ግን በአደባባይ ሊጻፍ ይገባዋል ብለን ቤተሰቡ በሙሉ ተስማምተናል፤ ይኸውም የእናታችንን አስከሬን ከሆስፒታል ተረክበው፣ በክብር አዘጋጅተው፣ ደብረ ብርሃን እስኪደርስ ድረስ ኃላፊነቱን ለተሸከሙልን የቀብር አስፈጻሚ ነው። በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ወዴት መደወል እንዳለብን የምንጠይቀው ሰው ከሞተብን በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የቀረበልንን ወረቀት ከመፈረም በቀር ለመመርመር ዐቅሙ አይኖረንም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ሐዘን ያልደረሰባችሁ አስቀድማችሁ እንድታነቡት ነው።

ሐዘንተኛ ዋጋ መጠየቅ ያፍራል። ታላቅ ወንድማችን «ለእናቴ ደግሞ ገንዘብ ልቆጥር ነው?» ብሎ ያለውን ሁሉ ሊያወጣ ቆርጦ ነበር የመጣው። የቀብር አስፈጻሚዋ ግን አጽናንተውን ከተቀመጥን በኋላ፣ ስለ ሣጥንም ሆነ ስለ ሥነ ሥርዓት አንዲት ቃል ሳይናገሩ፣ የእያንዳንዱ አገልግሎት ዋጋ ለየብቻው የታተመበትን ዝርዝር በእጃችን ሰጡንና ወደ ቤት ይዘነው መሄድ እንደምንችል ነገሩን። ይህን ያደረጉት በደግነታቸው ብቻ እንዳልሆነ ሲያስረዱንም የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ያወጣውና እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የሚሠራበት የቀብር አገልግሎት ደንብ እንዳለ ነገሩን። በዚህ ደንብ መሠረት የቀብር ድርጅት ዋጋውን በአካል ለመጣ ሁሉ በጽሑፍ መስጠት፣ በስልክ ለሚጠይቅም መናገር አለበት፤ ቤተሰቡም ከመሠረታዊው የአገልግሎት ክፍያ በቀር የማይፈልገውን የመተው፣ የሬሳ ሣጥኑንም ከሌላ ቦታ ገዝቶ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የማምጣት መብት አለው። ከእርሳቸው በፊት የደወልንበት ሌላ ድርጅት ዋጋ በስልክ እንደማይናገርና የግድ መምጣት እንዳለብን ነግሮን ስለነበር፣ ይህን ስንሰማ የተሰማንን እፎይታ መግለጽ ያስቸግረኛል። ወንድማችን ውድ የሆነውን የነሐስ ሣጥን ሲያመለክትም፣ ለረጅም የአየር ጉዞ ክብደቱ የጭነት ሂሳቡን ከመጨመር ያለፈ ጥቅም እንደሌለው በትሕትና አስረድተው፣ ውሳኔውን ለእኛ ትተው ከክፍሉ ወጡ።

አስከሬንን እንዳይፈርስ በመድኃኒት ስለመጠበቅ፣ ኤምባልሚንግ ስለሚሉት ሥራ፣ በወገኖቻችን ዘንድ ብዙ የተሳሳተ ነገር ይነገራል። ቀብሩ እዚሁ የሚፈጸም ከሆነ በቨርጂኒያ ሕግ ግዴታ አይደለም፤ አስከሬኑ ከ48 ሰዓት በላይ የሚቆይ ከሆነ ወይ በማቀዝቀዣ ይቀመጣል ወይም መድኃኒቱ ይሰጠዋል። ወደ ኢትዮጵያ የሚላክ ሲሆን ግን ሥራው መሠራቱን የሚያረጋግጥ ሰነድ ይጠየቃል። እርሳቸው ይህን ልዩነት ግልጽ አድርገው ከነገሩንና በጽሑፍ ፈቃዳችንን ከተቀበሉ በኋላ ብቻ ሥራውን ጀመሩ። እናታችን በትውልድ አገራቸው ከአባታችን አጠገብ እንዲቀበሩ ተናዝዘው ስለነበር ምርጫችን የታወቀ ነበር፤ ሆኖም ሁለቱም መንገድ ከነዋጋው ቀርቦልን መወሰናችን ዛሬ ድረስ ኅሊናችንን ያሳርፈዋል።

የሰነዱን ነገር ሰፋ አድርጌ የምጽፈው ብዙ ቤተሰብ የሚሰናከልበት ስለሆነ ነው። የአሜሪካ ቅጽ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ የእኛ አጠራር ደግሞ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍም በሆስፒታሉ መዝገብ፣ በፓስፖርቱና በመኖሪያ ፈቃዱ ላይ አንዲት ፊደል ልትለያይ ትችላለች። የሞት የምስክር ወረቀቱ አንዴ ከተመዘገበ በኋላ ስሕተት ማረም ጊዜ ይፈጃል፤ ጊዜ ደግሞ በዚያ ሰዓት የለም። እኚህ ሴት ወረቀቱ ከመመዝገቡ በፊት የእናታችንን ፓስፖርት ከፊታቸው አስቀምጠው ስሙን ፊደል በፊደል እያነበቡ ከእኅታችን ጋር አመሳከሩ። ከዚያም የተረጋገጠውን የሞት ምስክር ወረቀት፣ የአስከሬን ማጓጓዣ ፈቃዱን፣ ተላላፊ በሽታ አለመኖሩን የሚገልጸውን ደብዳቤና በሣጥኑ ውስጥ ከአስከሬኑ በቀር ሌላ ነገር አለመግባቱን የሚያረጋግጠውን ቃለ መሐላ አሟልተው ለኤምባሲያችን አቀረቡ። አስከሬን በአውሮፕላን የሚሄደው በጭነት ክፍሉ በኩል፣ በጸጥታ ደንብ ከታወቀ ላኪ ብቻ ተቀባይነት አግኝቶ ስለሆነ፣ ቤተሰብ ራሱ ወስዶ ላስረክብ ቢል አይችልም። በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ለኢትዮጵያ አየር መንገድ ያስረከቡትም እርሳቸው ናቸው። በረራው ከመነሣቱ በፊት የኤርዌይ ቢሉን፣ ማለትም የአየር ጭነት ሰነዱን፣ እና የሌሎቹን ሰነዶች ቅጂ አዲስ አበባ ለሚቀበለው ዘመዳችን ልከው ስለነበር፣ ቦሌ ላይ ወረቀት ጎደለ የሚል ነገር አልተነሣም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልቤን የነካኝ ግን ለግንዘቱ ያደረጉልን ነው። እናቶቻችን አስከሬኑን ራሳቸው አጥበው፣ ራሳቸው ገንዘው ካልሸኙ ሐዘናቸው አይወጣላቸውም። የቀብር አስፈጻሚዋ የሚገቡት ስንት እንደሆኑ፣ ካህኑ ከየት ቆመው እንደሚጸልዩ፣ መስቀሉ የት እንደሚቀመጥ አስቀድመው ጠይቀው ክፍሉን በዚያው መጠን አዘጋጁ፤ የሙያው የጤና ጥበቃ ሥርዓት የሚያዝዘውን ጓንትና መሸፈኛም ለእያንዳንዷ እናት ሰጥተው እንዴት እንደሚለበስ አሳዩ። ወንዶች ሠራተኞቻቸው ከክፍሉ እንዲወጡ አደረጉ። ለጸሎተ ፍትሐቱ ዕጣን እንደሚታጠንም ስለሚያውቁ የአዳራሹ የጭስ ማስጠንቀቂያ እንዳይጮህ ከሚመለከታቸው ጋር አስቀድመው ተነጋግረው ነበር። ልቅሶው ሲበረታ ከሠራተኞቹ አንድም ሰው ዝም በሉ አላለንም። በሌላ ሐዘን ላይ፣ በሌላ አዳራሽ፣ ድምፅ ቀንሱ ተብለው ዕንባቸውን ውጠው የወጡ እናቶችን አይቻለሁና ይህ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም። ደንብ አክባሪነትና ወግ አክባሪነት እንደሚጋጩ አድርገው የሚናገሩ አሉ፤ እኔ ያየሁት ግን ደንባቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰው ለወጋችን የሚሆን ስፍራ ማግኘት እንደማይከብዳቸው ነው።

የገንዘቡም ሂሳብ እንዲሁ ንጹሕ ነበር። ከወጪው ከፊሉን የሸፈነው ዕድራችን ስለሆነ፣ በእኛ ፈቃድ ዝርዝር ሂሳቡ ለዕድሩ ገንዘብ ያዥ ተላከ። በእኛ ስም ለሌሎች የከፈሉት፣ ማለትም የአየር ጭነቱ፣ የኤምባሲው ክፍያና የሞት ምስክር ወረቀት ቅጂዎቹ፣ ምንም ሳይጨመርበት ከነደረሰኙ ቀረበ፤ ጭነቱ ከተገመተው ሲያንስም ልዩነቱን በቼክ መለሱልን። የዕድራችን ሰብሳቢ፣ ብዙ ሐዘን ያስተናገዱ አባት፣ ሂሳቡን አይተው «ይህን ለአባላቱ ባነብበው አላፍርም» ነው ያሉት።

እርሳቸው ለማኅበረሰባችን የሚሠሩት በሐዘን ቀን ብቻ አይደለም። በዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ተገኝተው፣ ሰው በቤቱ ሲሞትና በሆስፒታል ሲሞት የመጀመሪያው ስልክ ለማን እንደሚደወል፣ ድንገተኛ ሞት ሲሆን የሕክምና መርማሪው ጽሕፈት ቤት ለምን እንደሚገባበትና አስከሬኑን ለመረከብ ለምን ሊዘገይ እንደሚችል በዝርዝር አስረድተዋል። ለዚህ ክፍያ አልጠየቁም፤ የድርጅታቸውን ካርድም አላደሉም። አንድ ሙስሊም ወንድማችን ባረፉ ጊዜ ቤተሰቡ በመጀመሪያ የደወለው ለእርሳቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን አስከሬኑን በሥርዓቱ አጥቦና ከፍኖ ያለ መዘግየት ለመቅበር ይበልጥ የተሰናዳ ሌላ የቀብር ድርጅት በአቅራቢያው እንዳለ ነግረው፣ ራሳቸው ደውለው አገናኟቸው። በሙያ ባልደረቦቻቸው መካከል እንዲህ ያለ መተባበር የተለመደ መሆኑን ሲናገሩ ሰምቻለሁ፤ ገቢ እንደሚያስቀርባቸው እያወቁ ማድረጋቸውን ግን እኔ እንደ ትልቅ ነገር እቈጥረዋለሁ። በአሁኑ ጊዜም የቀብር ሙያ ተምራ የልምምድ ጊዜዋን በመፈጸም ላይ ያለች አንዲት ኢትዮጵያዊት ወጣት በእርሳቸው ሥር ትሠራለች። ይህ ሙያ ትምህርት፣ ብሔራዊ ፈተናና የግዛት ፈቃድ የሚጠይቅ የተከበረ ሥራ ነውና፣ ልጆቻችን ወደዚህ ቢገቡ እንዳናፍርባቸው ይልቁንም እንድናግዛቸው እለምናለሁ።

ለእርሳቸው ባትደውሉም እንኳ፣ ወደ የትኛውም ድርጅት ስትሄዱ ዋጋውን አስቀድማችሁ በስልክ ጠይቁ፤ ፈቃዳቸው የጸና መሆኑን በቨርጂኒያ ከቀብር አስፈጻሚዎችና ኤምባልመሮች ቦርድ፣ በሜሪላንድም ከተመሳሳዩ ቦርድ አጣሩ። አስከሬን ወደ ኢትዮጵያ ልከው ያውቁ እንደሆነ፣ ለግንዘት ክፍል ይሰጡ እንደሆነም ጠይቁ። የሚደውልላችሁ ደግሞ ራሱ ሐዘንተኛው ባይሆን፣ ረጋ ብሎ የሚጠይቅ አንድ ዘመድ ወይም የዕድር ሰው ቢሆን ይሻላል።

ሐዘናችን ማስታወቂያ እንዳይሆን ስለፈለጉ ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ ይህንንም አክብሬያለሁ። ስማቸውንና ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ በማንኛውም ሰዓት እመልሳለሁ። ዕድሮችም ለስብሰባ ሊጋብዟቸው ቢፈልጉ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ቢያሳውቋቸው ደስ ይላቸዋል። እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።