ኩምሮቬትስ ወይስ ህሌቢኔ?

ዛግሬብ ገብቶ የክሮኤሺያን ገጠር ለማየት አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው የቱን መንደር ይምረጥ?

ኩምሮቬትስ ከስሎቬኒያ ድንበር አጠገብ፣ ሱትላ ወንዝ ዳር ነው። የዩጎዝላቪያ መሪ የነበረው ቲቶ በ1892 የተወለደው እዚህ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የድሮዎቹ የገበሬ ቤቶች ተጠግነው ሙዚየም ሆነዋል። ቲቶ በተወለደበት ቤት አጠገብ ካፖርት ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ ሲራመድ የሚያሳይ ሐውልት ቆሟል። ቀራጩ አንቱን አውጉስቲንቺች ለእኛ ባዳ አይደለም። ስድስት ኪሎ ባለው የየካቲት 12 ሐውልት ላይ፣ ከፍራኖ ክርሺኒች ጋር፣ የእሱም እጅ አለበት። ለዚህ ብቻ እንኳ ብትሄዱ አይቆጫችሁም።

እኔ ግን ህሌቢኔን እመርጣለሁ። በ1930 ሠዓሊው ክርስቶ ሄጌዱሺች እዚያ የአንድ ጎረምሳ የገበሬ ልጅ ሥዕሎች አየ። ልጁ ኢቫን ጌኔራሊች ነበር። በዓመቱ ሥራው ዛግሬብ ላይ ለዕይታ ቀረበ። ከዚያ ወዲህ መንደሩ ሠዓሊ በሠዓሊ ሆነ። ሞፈር የያዘ እጅ ብሩሽ አነሣ።

የሚሥሉት መስታወት ላይ ነው፤ ያውም በጀርባው። ስለዚህ ሌላው ሠዓሊ መጨረሻ ላይ የሚነካውን እነሱ ያስቀድማሉ። መጀመሪያ የዶሮዋ ዓይን፣ የዛፉ ቀጫጭን ቅርንጫፍ። ቀጥሎ ጭቃው፣ የቤቱ ጣሪያ። ሰማዩ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። መስታወቱ ሲገለበጥ ቀለሙ ቦግ ብሎ ይወጣል።

ኩምሮቬትስ ከመንደሩ ወጥቶ የገነነን አንድ ሰው ያሳያል። ህሌቢኔ ደግሞ እዚያው ሆነው ጓሯቸውን፣ ከብታቸውንና ጎረቤታቸውን የሣሉ ሰዎችን። ሥዕሎቹን የምታዩበት ጋለሪ ከ1968 ጀምሮ እዚያው መንደሩ ውስጥ አለ። ከዛግሬብ እስከ ኮፕሪቭኒትሳ በባቡር ሂዱ፤ ከዚያ የሚቀረው መንገድ አጭር ነው።