ከ14 ወር በኋላ፦ የሶቪየቷ ኤስ1-94 ኦሲሎስኮፕ በደብረ ማርቆስ

ባለፈው ሰሞን አንድ መሪጌታ የቤተ ክርስቲያናቸውን የድምፅ ማጉያ አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ሲበራ “እምምም” ይላል፤ ንግግሩን ይውጠዋል። በቴስተር ለካሁ፤ 24 ቮልት። ልክ ነው። ቴስተር አማካዩን ስለሚነግረኝ በዚያው ብቆም ኖሮ፣ ፓወር ሰፕላዩ ደህና ነው ብዬ ሌላ ቦታ ስፈልግ እውል ነበር። የቮልቱን መዋዠቅ በስክሪን ላይ በመስመር ሥዕል የሚያሳየውን ኦሲሎስኮፑን ሳገናኘው ግን ቀጥ ማለት የነበረበት አረንጓዴ መስመር ጉብታ በጉብታ ሆኖ ታየ።

“ልጄ፣ እንደ ንብ የሚጮኽብን ይሄ ነው እንዴ?” አሉኝ ጎንበስ ብለው እያዩ።

“አዎ የኔታ፣ እሱ ነው።”

የጊዜውን ማዞሪያ በአንድ የስክሪን ካሬ 5 ሚሊሰከንድ ላይ አደረግኩና ቆጠርኩ። አንዱ ጉብታ ሁለት ካሬ ያዘ፤ 10 ሚሊሰከንድ ማለት ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ተለዋዋጩን መብራት ወደ አንድ አቅጣጫ የሚመልሱት አራቱ ዳዮዶች ሲሠሩ 100 ይሆናል፤ ስለዚህ ዳዮዶቹ ደህና ናቸው። አንዱ ተቃጥሎ ቢከፈት ኖሮ ጉብታው አራት ካሬ ይይዝ ነበር። የቀረው ጉብታውን መደልደል ያለበት ካፓሲተሩ ነው። 4700 ማይክሮፋራዱን ቀየርኩት፤ መስመሩ ተኛ፤ ጩኸቱም ጠፋ። ይህችን መሣሪያ የምወዳት ለዚህ ነው። በግምት ዕቃ መቀያየር አስቁማኛለች።

የገዛኋት ባሕር ዳር የጥገና ቤቱን ከዘጋ ሰው ነው፤ ከአንድ ደህና ስልክ ባነሰ ዋጋ። የሶቪየት መሣሪያ ጎጃም ውስጥ መገኘቱ አይገርምም፤ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲቋቋም የሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ነበረበት። ክብደቷ 3 ኪሎ ተኩል ገደማ ብቻ ስለሆነ ዳንግላን፣ እንጅባራን፣ ቡሬን፣ ፍኖተ ሰላምን አልፈን እስክንደርስ ጭኔ ላይ ይዣት መጣሁ። ከላይ ይጫን ሲሉኝ እምቢ አልኩ። የስክሪኗ ቱቦ ከተሰነጠቀ አለቀ፤ ምትክ አይገኝላትም።

ጽሑፏ በሙሉ ሩሲያኛ ነው። እዚያ አገር የተማሩ አንድ ጡረተኛ መምህር ጎረቤት አሉኝ፤ ቡና እየጠጣን እያንዳንዱን ማዞሪያ አነበቡልኝ። “ዴል የሚለው ዴሌኒዬ ነው፤ ክፍል ማለት። ካሬዎቹን ቁጠር ነው የሚልህ” አሉኝ። በትንንሽ ወረቀት አማርኛውን ጽፌ ለጠፍኩበት። ከሳምንት በኋላ ወረቀቱንም ማየት ተውኩ።

ሦስተኛው ወር ላይ፣ ክረምቱ ሲገባ፣ ራሷ ታመመች። መስመሩ ወፈረ፤ ምንም ሳላገናኝ ይዋልል ጀመር። የቮልቱን ማዞሪያ ሳዞርም ይዘላል። ዕድሜ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተቀመጠ ካፓሲተር ይደርቃል፣ የማዞሪያ ብረትም ይዝጋል። ለመክፈት ግን አልቸኮልኩም። ውስጧ ከ1000 ቮልት በላይ አለ፤ ከሶኬት ከነቀላችኋት በኋላም ይቆያል። ነቅዬ ቆየሁ፣ ካፓሲተሮቹን በሬዚስተር አራገፍኩ፣ ዜሮ መሆኑን በቴስተር አረጋገጥኩ። ኤሌክትሮሊቲክ የሚባሉትን፣ ፕላስና ማይነስ ያላቸውን ካፓሲተሮች አንድ በአንድ አወጣሁ፤ አንዱን ሳልተካ ሌላውን አልነካሁም። ፕላስና ማይነሱ እንዳይምታታብኝ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። ማዞሪያውን በንጹሕ አልኮል አርሼ ሠላሳ ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ አዞርኩት።

መልሼ ስሰካት በቀጥታ አልሰጠኋትም። 60 ዋት አምፖል በሲሪስ፣ ማለት መብራቱ በአምፖሉ አልፎ ወደ እሷ እንዲሄድ አድርጌ አስገባሁ። ሾርት ካለ አምፖሉ ደምቆ ይበራል፣ መሣሪያው ይተርፋል። የድሮው ባለ ክር አምፖል መሆን አለበት፤ ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም። ገበያ ላይ እየጠፋ ስለሆነ ካገኛችሁ ሁለት ሦስት ያዙ። የእኔው ደብዘዝ ብሎ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ መስመሩ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ወጣ። ጎረቤቴን በጩኸት ጠራኋቸው።

ጉድለቷን ልናገር። አንድ ቻናል ብቻ ናት፤ የአምፕሊፋየር መግቢያና መውጫ ጎን ለጎን አይታይባትም፤ ይሄ በጣም ይቆጨኛል። አቅሟ 10 ሜጋኸርዝ ነው፤ ለድምፅ፣ ለፓወር ሰፕላይና ለኢንቨርተር ይበቃል፤ ለፈጣን ዲጂታል ሰርኪት አይበቃም። አንዴ ብቻ ብልጭ ብሎ የሚያልፍ ሲግናልም አይያዝባትም። እሱን ዲኤስኦ138 የሚባለው ትንሹ ዲጂታል ኪት ያስቀርላችኋል፤ ነገር ግን የእሱ አቅም 200 ኪሎኸርዝ ነው። እኔ ሁለቱም አሉኝ፤ እጄ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሩሲያዋ ነው። ማዞሪያውን ስነካ መስመሩ እዚያው ይታዘዛል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልበል። የፕሮቡ፣ ማለት የመለኪያ ገመዱ፣ ጥቁር ክሊፕ ከብረት አካሏ ጋር የተያያዘ ነው፤ የእኔ ገመድ ደግሞ ባለ ሁለት እግር ነው። ክሊፑን በቻርጀር ወይም በቲቪ ፓወር ሰፕላይ የ220 በኩል ብታስይዙት፣ የምትነኩት ብረት በሙሉ መብራት ይይዛል። እኔ ሁለት አንድ ዓይነት ትራንስፎርመሮችን ጀርባ ለጀርባ አገናኝቼ፣ የምጠግነው ዕቃ ከመብራቱ መስመር እንዲለይ፣ በዚያ በኩል ነው የምሰካው። ይህ ሳይኖረኝ የ220ውን በኩል አልነካም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ጠጋኝ ተመሳሳይ ሊገዛ እንደሆነ ነገረኝና ምን ልይ አለኝ። አስቀምጬ አሳየሁት። ሳይበራ ስክሪኑ መሐል የተቃጠለ ነጥብ ካለ ተወው። አብርተህ ሩብ ሰዓት ጠብቅ፤ ከሞቀ በኋላ የሚጠፋ መስመር አለ። ከዚያ የፕሮቡን ጫፍ በጣትህ ንካው። ሰውነትህ ከቤቱ ሽቦ የሚለቅመው የ50 ኸርዝ ሞገድ ይመጣልሃል። በ5 ሚሊሰከንድ ላይ አንዱ ሞገድ አራት ካሬ ከያዘ የጊዜ አቆጣጠሯ ልክ ነው። ጣቱን አስነካሁት። አራት ካሬ። ደጋግሞ ቆጠረው።