ኮምትሬድ ለቦሌ ለሚና ለዱከም ጥናት ምን ያህል ያስኬዳል?

ስለ ዱከም ጫማ ፋብሪካዎች ወይም ስለ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት የሚያጠና የኢኮኖሚክስ ተመራማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚከፍተው የተባበሩት መንግሥታትን የንግድ መረጃ ቋት፣ ኮምትሬድን ነው። ይገባዋልም፤ ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአገራትን የወጪና ገቢ ንግድ ሰብስቦ አብዛኛውን በነጻ ይሰጣል። ሳይመዘገቡ ከገቡ ግን 500 መስመር አሳይቶ ይቆማል። ሠንጠረዡ ሙሉ ስለሚመስል ጉድለቱ ቶሎ አይታይምና ተመዝግቦ ማውረድ ይሻላል።

ፍለጋው ቀላል ነው፤ ዕቃዎች በዓለም አቀፍ የጉምሩክ ኮድ በምዕራፍ ተከፋፍለዋል፦ ምዕራፍ 61 ቲሸርትን ጨምሮ የሹራብ ጨርቅ ልብስ፣ 62 የተሸመነ ጨርቅ ልብስ፣ 64 ጫማ። ከባዱ የማንን ሪፖርት እንደሚወስዱ መወሰን ነው። ኢትዮጵያ ላክሁ ያለችውና አሜሪካ ገባልኝ ያለችው እምብዛም አይገጥምም። የላኪው ዋጋ ኤፍኦቢ (ዕቃው መርከብ ላይ እስኪጫን ያለው ዋጋ) ሲሆን የተቀባዩ አብዛኛውን ጊዜ ሲአይኤፍ ነው፤ በዚህኛው ማጓጓዣና ኢንሹራንስ ይጨመርበታል። ጊዜውም ይለያያል፤ በዲሴምበር ከእንዶዴ በባቡር የወጣ ኮንቴይነር ጅቡቲ መርከብ ጠብቆ፣ ባሕር አቋርጦ እስኪራገፍ የፈረንጆቹ ዓመት ይለወጣል። ለልብስና ለጫማ የተቀባዩን አገር ሪፖርት መያዝ ይበጃል፤ ቀረጥ የሚሰበስብ ጉምሩክ ዕቃው የት እንደተሠራ አጥብቆ ይጠይቃልና።

ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያበላሸው ደግሞ የበጀት ዓመት ነው። የብሔራዊ ባንክ ዓመት ከሐምሌ 1 ይነሳል፣ የኮምትሬድ ከጃንዋሪ። ሁለቱን አንድ ዓምድ ላይ የደረደረ ሰው ስድስት ወር አዛንፎ ነው ሪግሬሽኑን የሚያስኬደው። የገዢ አገሮችን ወርኃዊ መረጃ ከጁላይ እስከ ጁን መደመር ይህን ያቃናዋል፤ የምትቀረው የሰባት ቀን ልዩነት አትጎዳም።

ለኦፍሾሪንግ (ምርትን ወደ ሌላ አገር ወስዶ ማሠራት) ጥናት ግን ትልቁ ድክመት ሌላ ነው። ኮምትሬድ የሚቆጥረው የዕቃውን ሙሉ ዋጋ ነው። ለምሳሌ 4 ዶላር የተላከ ሸሚዝ 2.50 ዶላር የውጭ ጨርቅ፣ ክርና ቁልፍ ካለበት፣ እዚህ የተጨመረው 1.50 ብቻ ነው፤ መዝገቡ ላይ ግን 4 ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ የገቢውን ጎንም ማውረድ ግድ ይላል፦ ምዕራፍ 52፣ 54፣ 55 እና 60 ለክርና ለጨርቅ፣ 9606 ለቁልፍ፣ 9607 ለዚፕ፣ ለጫማ 41 እና 6406። ይህም ቢሆን አይበቃም፤ ወደ መርካቶ የሚሄደው ጨርቅና ወደ ቦሌ ለሚ የሚሄደው በአንድ ኮድ ነው የሚገባው።

አጎአን፣ ማለትም የአፍሪካ አገሮች ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲልኩ የሚፈቅደውን የአሜሪካ ሕግ፣ በተመለከተ ኮምትሬድ ብቻውን አያዋጣም። ኢትዮጵያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከዕድሉ ወጥታለች፤ ከዚያ ወዲህ የመጣው መቀነስ ይታያል፣ የተከፈለው ቀረጥ ግን አይታይም። ለዚህ የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሽን ዳታዌብ ይሻላል፤ እሱም ነጻ ነው፣ በአጎአ የገባውን ለይቶ ያሳያል። የጥጥ ቲሸርት መደበኛ ቀረጥ 16.5 በመቶ መሆኑ ሲታሰብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ኮምትሬድ ከአገር በታች አይወርድም፤ ቦሌ ለሚን ከሐዋሳ የሚለይበት መንገድ የለውም። መፍትሔው፣ ፋብሪካው ፈቃደኛ ከሆነ፣ የአንድን ትዕዛዝ የገቢና የወጪ ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚቀርብ የዕቃ መግለጫ) ጎን ለጎን ማየት ነው። የጨርቁና የልብሱ የተጣራ ክብደት ይነጻጸራል፤ ከመቁረጫ ጠረጴዛ የሚወድቅ ቁርጥራጭ ስላለ እኩል አይሆኑም። ልብሱ ከገባው ጨርቅ ሁሉ ከብዶ ከተገኘ ግን ሌላ ጨርቅ ተጨምሮበታል፤ ከአገር ውስጥ የተገዛ መሆን አለመሆኑን እዚያው መጠየቅ ያስፈልጋል።