ለመርከብ ሽርሽር ቀብድ ልትከፍሉ ያሰባችሁ፣ ቆይ!

ሰሞኑን በብሔራዊ ቴአትር በኩል ሳልፍ ያንን ፖስተር ድጋሚ አየሁት። ፀሐይ ያነጣው ትልቅ መርከብ፣ ከሥሩ «አሁን ለሚመዘገቡ ልዩ ቅናሽ»። እኔና እህቴ የተበላነው በሱ ነው። የጉዞ ቢሮውን ስም አልጠራም። የሆነውን ግን ልንገራችሁ።

ታህሳስ 2017 ነው። ጉዞው ሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ ከግሪኩ ፒሬዎስ ወደብ ተነስቶ ደሴቶቹን ያዳርስና ቱርክ ኩሻዳሲ ጎራ ብሎ ይመለሳል። ሰውዬው «ቶሎ ካልያዛችሁ ይጨምራል» አለን። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ደግሞ በስልክ «አትቸኩሉ፣ መጨረሻ ላይ ይረክሳል» ይላል። ሰውዬውን ሰማንና ቀብድ ከፈልን። ደረሰኙ ላይ ከታች «ቀብድ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ አለ። ያየሁት ቤት ገብቼ ነው። ማህተሙ ልክ እዚያ ላይ አርፎበታል።

እውነት ለመናገር ወንድሜም አልተሳሳተም። የመርከብ ድርጅቶች ቀሪውን ክፍያ የሚጠይቁት ብዙ ጊዜ ለጉዞው 3 ወር ገደማ ሲቀረው ነው። ያኔ የሚሰርዘው ይሰርዛል፣ ያልተሸጠው ክፍል ይታወቃል፣ ዋጋ ይወርዳል። እኛ የያዝነውን መስኮት አልባ ክፍል ሚያዝያ ላይ በ200 ዶላር ረክሶ አየሁት። አንጀቴ እርር አለ። ግን ያ ዋጋ ለማን ነው? ቪዛ ለማይጠየቅ ፓስፖርት። ሚያዝያ 2016 የአውሮፓ ኅብረት በኢትዮጵያውያን ላይ የሸንገን (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ቪዛ አሰጣጡን ሲያጠብቅ፣ 15 ቀን የነበረውን የውሳኔ ጊዜ 45 አደረገው። የቀጠሮው ወረፋ ሳይቆጠር። እኛ ርካሹን ስንጠብቅ መርከቡ ይሄዳል።

ስለዚህ ያስበላን ቀድመን መያዛችን አይደለም። የቪዛ ማመልከቻ ያስገባነው የካቲት መጨረሻ ነው። መጋቢት መጀመሪያ ላይ ሰውዬው ደወለ፤ ቀሪው ብር ዛሬ ካልገባ ቦታው ይሰረዛል። የቪዛው መልስ ገና ነው። «ይመጣል፣ አታስቡ» አለ። ከፈልን። ምንዛሪው «በዕለቱ» ነበር የተባለው፤ ለካ የባንክ ሳይሆን የራሱ ዕለት ነው።

ቪዛው ሚያዝያ አጋማሽ ላይ መጣ። እህቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እኔ ግን የመግቢያው ብዛት ላይ ዓይኔ አረፈ፤ «01»። አንድ ጊዜ ብቻ። መርከቡ ኩሻዳሲ ሲቆም ከሸንገን ወጣን ማለት ነው፤ ወደ ግሪክ ስንመለስ ሁለተኛ መግቢያ ይሆናል። ያው የ2016ቱ ውሳኔ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጠን አድርጓል። ይህን ጉዞ ለአበሻ የሚሸጥ ሰው ይህን አያውቅም? ሄጄ ስጠይቀው ስልኩን እየነካካ «የቪዛ ጉዳይ እኛን አይመለከትም» አለኝ። ሰረዝን። ከቀሪው ክፍያ ግማሹ ተመለሰልን፤ ቀብዱማ ድሮ ሄዷል።

ልትይዙ ከሆነ መጀመሪያ መስመሩን እዩ። ባርሴሎና፣ ማርሴይ፣ ጄኖዋ እያለ የሚዞረው ሁሉም ሸንገን ውስጥ ነው፤ 01 ይበቃዋል። ቀብዱ የሚመለስ ዓይነት ካለ እሱን ውሰዱ። ትንሽ ይወደዳል፣ ይወደድ። ለቪዛው ጉዞው 6 ወር ሲቀረው ጀምሮ ማመልከት ይቻላል፤ እኛ ከሁለት ወር በላይ በከንቱ ተቀምጠናል። የቡኪንግ ቁጥር ሳትይዙ ደግሞ ከቢሮው እንዳትወጡ። በመርከብ ድርጅቱ ድረ ገጽ ራሳችሁ አስገቡትና ስማችሁ መኖሩን አረጋግጡ። እኔ የእኛን የከፈትኩት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። የተያዘበት ቀን ጃንዋሪ 28 ይላል፣ በእኛ ጥር 20። ቀብዱን የሰጠነው ታህሳስ 8 ነው።