በደሴ የሚሰጠው የጀማሪ ጸሐፊዎች ሥልጠና ገንዘቡን ያወጣል ወይ?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰጠውን የጀማሪዎች የፈጠራ ጽሑፍ ሥልጠና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትያለሁ። ለመመዝገብ የሚያስቡ ወጣቶች፣ ከኮምቦልቻና ከሐይቅ ጭምር፣ «ይጠቅማል ወይ?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ አስተያየቴን በጽሑፍ ማስፈሩ ይሻላል። ሥልጠናው የሚጠቅመው ሠልጣኙ የጻፈውን ጮክ ብሎ እንዲያነብና ያንኑ ጽሑፍ እንደገና እንዲጽፈው በሚያስገድድባቸው ሰዓታት ነው፤ ንግግር በሚበዛባቸው ሰዓታት ግን ከአንድ ደኅና የመማሪያ መጽሐፍ የሚለይበት ነገር የለም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በታሪክና በትርጓሜ ያልፋሉ። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ከታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ተነሥቶ የአማርኛ ልብ ወለድ የመጣበት መንገድ ይተረካል፤ ትልም፣ መቼት፣ አንጻር፣ ጭብጥ የሚባሉት ጽንሰ ሐሳቦችም አንድ በአንድ ይተነተናሉ። ማወቁ አይከፋም። ይሁን እንጂ አብዛኛው ሠልጣኝ እነዚህን ቃላት በትምህርት ቤት ለፈተና ሸምድዷቸዋል፤ የተቸገረው ባዶ ወረቀት ፊት ሲቀመጥ ምን እንደሚያደርግባቸው ነው።

ነገሩ የሚለወጠው ንባብ ሲጀመር ነው። አንዲት ሠልጣኝ ቤቷን ጥላ ስለምትሄድ ሴት አጭር ልብ ወለድ ጽፋ መጣች። መክፈቻው «ማታ እንግዶቹን ሸኝታ፣ ዕቃውን አጥባ፣ እሳቱን አዳፍና፣ ሻሿን አስራ፣ የልጇን ግንባር ስማ፣ በሩን ከፍታ ወጣች» የሚል ነበር። አሠልጣኙ ስለ ሰዋስው አንዲት ቃል ሳይተነፍስ «ከዚህ ሁሉ ውስጥ የማትመለስ መሆኗን የሚነግረኝ የቱ ነው?» ብሎ ጠየቃት። መልስ የሰጠ አልነበረም። በአማርኛ ማሠሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣና ከፊቱ ያሉት ቦዝ አንቀጾች («ሸኝታ»፣ «አጥባ» እንደሚሉት ያሉ ያልታሰሩ ግሶች) እንደ መቁጠሪያ ፍሬ በአንድ ክር ስለሚሰኩ፣ ዕቃ ማጠብና ልጅን ስሞ መለየት እኩል ክብደት ይይዛሉ፤ አንባቢውም የትኛው ላይ ቆም ማለት እንዳለበት አያውቅም። ልጅቷ ቀጥሎ በመጣው ቅዳሜ ያነበበችው እንዲህ ይላል፦ «እንግዶቹን ሸኝታ ዕቃውን አጠበች። እሳቱን ግን አላዳፈነችውም። የልጇን ግንባር ሳመችና በሩን ከፈተች።» ለነገ ፍም የማታቆይ ሴት ነገ እዚያ ቤት እንደማትገኝ በምድጃ ዙሪያ ያደገ አንባቢ ማንም ሳይነግረው ይረዳል፤ «ወጣች» የሚለው ግስ እንኳ ሳያስፈልግ ቀርቷል። (እኔ ብሆን «ግን» የምትለዋንም አወጣት ነበር፤ ሥራው የእሷ ስለሆነ ዝም አልሁ።) ከዚያ በኋላ የብዙዎቻችን ጽሑፍ ከቦዝ አንቀጽ ሰልፍ መላቀቅ ጀመረ፤ በእኔ ግምት ለሥልጠናው የተከፈለው ገንዘብ የተመለሰው በዚህ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጥሩ ነገር የሰኞ ገበያው የቤት ሥራ ነው። ከአንድ በላይ ሠልጣኝ፣ ቦሌን ረግጦ የማያውቀው ጭምር፣ ታሪኩን ቦሌ ካለ ካፌ ውስጥ ይጀምር ስለነበር አሠልጣኙ «ደሴ ውስጥ የሚጣላ ሰው ጠፋ?» ብሎ ሁሉንም ወደ ሰኞ ገበያ ላከ። ትእዛዙ የሰማችሁትን እንጂ የተሰማችሁን አትጻፉ የሚል ነበር። በፊት አያትና የልጅ ልጅ ሳይቀሩ እንደ ዜና አንባቢ ይነጋገሩ ነበር፤ ከገበያው በኋላ አያቱን «አንቱ» የሚል፣ ያዘነ ሰው ሲያይ «አብሽር» የሚል ገጸ ባሕርይ ብቅ ብቅ ማለት ያዘ። ከሁሉ የበለጠው ግን አንድ ልጅ በማስታወሻው ይዞት የመጣው ነው። በርበሬ የምትሸጥ ሴት ገዢው ዋጋ እንድትቀንስለት ሲለምናት፣ እሺም እምቢም ሳትል፣ የእናቱን ጤና መጠየቅ ጀመረች፤ ገዢው ሳያውቀው በጠየቀችው ዋጋ ገዝቶ ሄደ። ምልልስ የሚጥመው ተናጋሪዎቹ ለቀረበላቸው ጥያቄ በቀጥታ በማይመልሱበት ጊዜ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ትምህርት አልሰማሁም።

የሚያስቆጨው ደግሞ የቃል ግጥሙ ክፍለ ጊዜ ነው። ባቲና አምባሰል ስማቸውን ከዚሁ ከወሎ ያገኙ ቅኝቶች ናቸው፤ በእነሱ የሚዜሙትን ባለ ሁለት ስንኝ ግጥሞች ከልጅነቱ ጀምሮ ያልሰማ ሠልጣኝ በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። የወል ቤት በሚባለው የግጥም ምጣኔ አንድ ስንኝ 12 ቀለም (የድምፅ ክፍል) ያህል ብቻ ይዞ፣ 6 እና 6 ሆኖ ለሁለት የሚከፈል ነው። በዚያች ጠባብ ቦታ የመጀመሪያው ስንኝ አንድ ነገር ያሳያል፣ ሁለተኛው ይወጋል። አሠልጣኙ ከአዛውንቶች የተሰማ አንድ ግጥም እየመረጥን በስተጀርባው ያለውን ታሪክ በአንድ ገጽ ዝርው እንድንጽፍ አዘዘ። ሐሳቡ ግሩም ነበር፤ ቁጥብነትን ከዚህ ቤት ካልተማሩ ከየት ይማሩታል? መንዙማ እየሰማ ያደገ ልጅም አዝማች በተመለሰ ቁጥር ክብደቱ እንዴት እንደሚጨምር ያውቃልና፣ ድግግሞሽን በዝርው ጽሑፍ ለማስተማር የሚሆን ዝግጁ መንገድ ነበር። ይህ ሁሉ ግን በአንድ ከሰዓት ተጀምሮ በዚያው ተዘጋ፤ የጻፍነውም ሳይነበብ ቀረ። ለታሪክ ገለጻ ከዋለው ጊዜ ግማሹ ለዚህ ቢሰጥ ሥልጠናው የወሎ መሆኑ ይታወቅ ነበር።

የጎደለውን ለመናገር፣ የሠልጣኙ ብዛት ከልክ ያለፈ ነው። ደፋሮቹ በየሳምንቱ ሲያነቡ ዓይን አፋሮቹ፣ በተለይም ከገጠር የመጡት፣ አንዴ አንብበው ዳግም ዕድል ሳይደርሳቸው ይጨርሳሉ። በጽሑፍ የሚሰጥ አስተያየት የለም፤ አሠልጣኙ በሰዓት እጥረት ሲጣደፍ ሁሉንም «ማለፊያ ነው፣ በርታ» እያለ ያልፋል፤ ይህ ደግሞ ሠልጣኙን ያስደስተዋል እንጂ አያሻሽለውም። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መስኮት ሲከፈት የባጃጅ ድምፅ ንባቡን ይውጠዋል፣ ሲዘጋ ይታፈናል። እሱ የሚታለፍ ነው።

የማይታለፈው በመጨረሻው ሳምንት የመጣው የመድበል ጉዳይ ነው። ሠልጣኞች ተጨማሪ ገንዘብ ካዋጡ ሥራቸው በአንድ የጋራ መጽሐፍ እንደሚታተም ተነገረን። ስምን በመጽሐፍ ላይ ማየት የማይመኝ ጀማሪ የለም፤ የወረቀትና የኅትመት ዋጋ በናረበት ጊዜም አዘጋጆቹ መዋጮ መጠየቃቸው አይገርምም። ነገር ግን የሚታተሙትን ሥራዎች የሚመርጥም ሆነ የሚያርም አርታኢ አልተመደበም፤ የከፈለ ሁሉ ይገባል። ገና አንድ ዐረፍተ ነገር ፈትቶ መጻፍ የጀመረን ሰው የመጀመሪያ ረቂቁን እንዲያሳትም ማበረታታት፣ በሥልጠናው የተማረውን ዋና ነገር፣ ማለትም መልሶ መጻፍን፣ ማስረሳት ነው። እኔ ሳላዋጣ ቀርቻለሁ።

ስለዚህ በእጁ ምንም ያልጻፈ ሰው ለጊዜው ባይመዘገብ ይሻለዋል፤ ወሬውን ሰምቶ ይመለሳል እንጂ የሚያስተካክለው ነገር አይኖረውም። ሁለት ሦስት ያልተሳኩ ታሪኮች በደብተሩ ያሉት ግን ይሂድ። ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት በቀጣዩ ዙር ስንት ሰው እንደሚቀበሉና እያንዳንዱ ሠልጣኝ ስንት ጊዜ እንደሚያነብ ይጠይቅ፤ ቁርጥ ያለ መልስ ካላገኘ ከሚቀርቡት ጓደኞቹ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ሻይ ቤት ተቀምጦ ተራ በተራ ቢነባበብ በነጻ ያንኑ ያህል ይጠቀማል።